በሬቲና ውስጥ የገቺ ኬሚካሎች ሥራና የእይታ ነርቭ ጤንነት፦ ለተገልጋዮች የተዘጋጀ ማብራሪያ

መግቢያ

ይህ ጽሑፍ በዓይን ሬቲና ውስጥ የሚገኙ ገቺ ኬሚካሎች እይታን እንዴት እንደሚቀርጹ፣ የእይታን መልእክት ወደ አንጎል የሚያደርሱት ሕዋሳት በምን ምክንያት እንደሚጎዱ እና ተገልጋዮች ምርመራና ሕክምና ከየት ማግኘት እንደሚችሉ ያብራራል። በዋናነት የተዘጋጀው በደብረ ማርቆስ ከተማና በአካባቢው የጎጃም ደጋማ ወረዳዎች ለሚኖሩ ተገልጋዮች ሲሆን በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ለሚኖሩም ያገለግላል።

የሰው ልጅ ለማየት ብርሃን ወደ ዓይኑ መግባቱ ብቻ አይበቃውም። ብርሃኑን የሚቀበለው የዓይን ክፍል ከደረሰው መረጃ ውስጥ የትኛው ወደ አንጎል እንደሚላክና የትኛው እንደሚገታ መለየት ይኖርበታል። ይህ የመለየት ሥራ ከሚከናወንባቸው መንገዶች ዋነኞቹ ጋባ እና ግላይሲን የተባሉ ሁለት ገቺ ኬሚካሎች ናቸው። ተጣርቶ የወጣውን መልእክት ወደ አንጎል የሚያደርሱት ደግሞ ጋንግሊዮን የተባሉት የነርቭ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ በሌላ አይተኩም፤ በእነሱ ጉዳት ምክንያት የጠፋ እይታም በመነጽር ወይም በቀዶ ሕክምና አይመለስም። ስለዚህ ጉዳቱ ሳይስፋፋ በምርመራ መለየት ከሁሉ የሚቀድም ጉዳይ ነው።

1. የሬቲና አሠራር

ሬቲና የዓይንን የውስጥ ጀርባ የሚሸፍን ስስ የነርቭ ሽፋን ነው። በውስጡ አምስት ዋና ዋና የነርቭ ሕዋሳት ዓይነቶች ይገኛሉ።

የመጀመሪያዎቹ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ናቸው። ከእነዚህ መካከል ዘንግ መሰሎቹ በጨለማና በደብዛዛ ብርሃን ለማየት፣ ሾጣጣዎቹ ደግሞ ቀለምንና ጥቃቅን ነገሮችን ለመለየት ያገለግላሉ። ሁለተኛዎቹ ባይፖላር የተባሉት ሲሆኑ ከብርሃን ተቀባዮቹ የተረከቡትን መልእክት ወደ ቀጣዩ ደረጃ ያሸጋግራሉ። ሦስተኛዎቹ ጋንግሊዮን ሕዋሳት ናቸው። የእነዚህ ሕዋሳት ረጃጅም ክሮች በዓይን ጀርባ በአንድ ላይ ተሰብስበው የእይታ ነርቭን ይሠራሉ። አራተኛዎቹና አምስተኛዎቹ ሆሪዞንታል እና አማክራይን የተባሉት ናቸው። እነዚህ ወደ ጎን ተዘርግተው ጎረቤት መስመሮችን ያገናኛሉ፤ የገቺነቱም ሥራ በአብዛኛው የእነሱ ነው።

በአንድ ዓይን ውስጥ ያሉት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ወደ 100 ሚሊዮን ሲጠጉ ጋንግሊዮን ሕዋሳት ግን ወደ 1 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው። የብዙዎቹ መረጃ በጥቂቶቹ መስመር ማለፍ ስላለበት ሬቲና ያገኘውን ሁሉ አይልክም፤ የሚጠቅመውን መርጦና አሳጥሮ ይልካል።

2. ቀስቃሽ እና ገቺ ኬሚካሎች

የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚግባቡት በኬሚካል መልእክት አስተላላፊዎች ነው። ግሉታሜት የተባለው ቀስቃሽ ነው፤ መልእክቱን ከብርሃን ተቀባዮች ወደ ባይፖላር፣ ከባይፖላር ወደ ጋንግሊዮን ሕዋሳት የሚያደርሰው እሱ ነው። ጋባ እና ግላይሲን ደግሞ ገቺዎች ናቸው። ሁለቱም በተቀባዩ ሕዋስ ላይ የክሎራይድ መግቢያ በሮችን ይከፍታሉ። የክሎራይድ አዮን ወደ ሕዋሱ ሲገባ ሕዋሱ በቀላሉ እንዳይቀሰቀስ ይሆናል። ከአማክራይን ሕዋሳት ቅርንጫፋቸው ወደ ጎን በስፋት የሚዘረጋው በአብዛኛው ጋባን፣ በጠባብ ቦታ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚያገናኙት ደግሞ በአብዛኛው ግላይሲንን ይጠቀማሉ።

በቀስቃሽና በገቺ መካከል ሚዛን መኖሩ ለነርቭ ጤንነት ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ከጓያ በሽታ መረዳት ይቻላል። ጓያ በጎጃምና በጎንደር የታወቀ ሰብል ነው። የምግብ እጥረት በገጠመ ጊዜ ጓያን ለረጅም ጊዜ ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሮቹ ሊደክሙና ሊገታተሩ፣ በምርኩዝ ለመሄድም ሊገደድ ይችላል። በጓያ ፍሬ ውስጥ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር ከግሉታሜት ጋር ስለሚመሳሰል የነርቭ ሕዋሳትን ከልክ በላይ ይቀሰቅሳል። ይህ በሽታ የሚጎዳው እግርን የሚያዙትን የነርቭ መስመሮች ሲሆን የዓይን በሽታ አይደለም። ይሁንና ያልተገታ ቅስቀሳ ሕዋስን እስከ መግደል እንደሚደርስ በግልጽ ያሳያል።

3. ገቺ ኬሚካሎች የጋንግሊዮን ሕዋሳትን ምላሽ የሚቀርጹባቸው መንገዶች

ሀ. ጠርዝን መለየት፦ እያንዳንዱ ጋንግሊዮን ሕዋስ የሚመለከተው ከእይታው ሜዳ አንዲት ትንሽ ክብ ቦታ ነው። ብርሃን በክቡ መሃል ሲያርፍ የሚቀሰቀስ ሕዋስ ብርሃኑ በዙሪያው ሲያርፍ ይገታል። ሌሎች ሕዋሳት በተቃራኒው መሃላቸው ሲጨልም ይቀሰቀሳሉ። ክቡ በሙሉ በእኩል ብርሃን ሲሸፈን ቅስቀሳውና መገታቱ ስለሚጣጣሉ የሕዋሱ ምላሽ ደካማ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ጋንግሊዮን ሕዋሳት በጠንካራው የሚናገሩት ብርሃንና ጥላ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው። በጮቄ ተራራ ግርጌ በማለዳ ጉም ውስጥ የቆመን በሬ ከማሳው ለይቶ ለማየት የሚያስችለው ይህ የልዩነት ስሌት ነው። ነጭ ነጠላ በኩራዝ ብርሃንም ሆነ በቀትር ፀሐይ ነጭ መስሎ እንዲታይ ከሚያደርጉት ነገሮችም አንዱ ሬቲና ከብርሃኑ መጠን ይልቅ የአንዱን ቦታ ብርሃን ከጎረቤቱ ጋር እያነጻጸረ መላኩ ነው።

ለ. የእንቅስቃሴን አቅጣጫ መለየት፦ አንዳንድ ጋንግሊዮን ሕዋሳት አንድ ነገር ወደ ተወሰነ አቅጣጫ ሲንቀሳቀስ ብቻ በብርቱ ይቀሰቀሳሉ፤ ነገሩ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲመጣ ግን ጋባ ቀድሞ ስለሚደርስባቸው ዝም ይላሉ። በእንስሳት ሬቲና ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የጋባን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጥ ይህ የአቅጣጫ ምርጫ ጠፍቶ ሕዋሱ ለሁሉም አቅጣጫ እኩል ምላሽ መስጠት ይጀምራል።

ሐ. የምላሽን ጊዜ ማሳጠር፦ ብርሃን ሲበራ ወይም ሲጠፋ አንዳንድ ሕዋሳት ለአጭር ጊዜ ብቻ ተቀስቅሰው ወዲያው ይረጋጋሉ። ከአማክራይን ሕዋሳት የሚመጣው መገታት ምላሹን ስለሚያሳጥረው አዲስ የተፈጠረ ለውጥ ከቀድሞው ጋር ሳይደባለቅ ወደ አንጎል ይደርሳል።

መ. በጨለማ ማየት፦ በሌሊት የዘንግ መሰል ሕዋሳት መልእክት በአንድ ልዩ የአማክራይን ሕዋስ በኩል ያልፋል። ይህ ሕዋስ ብርሃን ሲጨምር የሚቀሰቀሰውን መስመር ያነቃል፤ ብርሃን ሲቀንስ የሚቀሰቀሰውን መስመር ደግሞ በግላይሲን አማካይነት ይገታል። ሁለቱ መስመሮች ሳይጋጩ የሚሠሩት በዚህ ቅንጅት ነው።

4. ይህ እውቀት የተገኘበት መንገድ

አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ሃርትላይን እ.ኤ.አ. በ1938 ከእንቁራሪት የእይታ ነርቭ የአንድ አንድ ክርን መልእክት በመቅዳት አንዳንዶቹ ብርሃን ሲበራ፣ አንዳንዶቹ ሲጠፋ፣ ሌሎቹም በሁለቱም ጊዜ እንደሚቀሰቀሱ አሳየ። በኋላም በባሕር ውስጥ በሚኖር ሸርጣን መሰል እንስሳ ዓይን ላይ ባደረገው ጥናት ጎረቤት ሕዋሳት እርስ በርስ እንደሚገታቱ አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1967 የኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር ተጋርቷል። ኩፍለር እ.ኤ.አ. በ1953 በድመት ሬቲና ላይ የመሃልና የዙሪያ ተቃራኒ ምላሽን ገለጸ። ባርሎው በዚያው ዓመት ስለ እንቁራሪት ሬቲና ያቀረበ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1965 ከሌቪክ ጋር በጥንቸል ሬቲና ውስጥ አቅጣጫን የሚለዩ ሕዋሳትን አሠራር አብራርቷል። ዛሬ በዓይን ክፍሎች የሚሠራባቸውን የእይታ ክልል ምርመራና የብርሃንና ጥላ ልዩነት ፈተና ለመረዳት ይህ እውቀት ይረዳል።

5. ጋንግሊዮን ሕዋሳት የሚጎዱበት ዋነኛ በሽታ፦ ግላኮማ

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት የዓይነ ስውርነት ስርጭት 1.6 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ከዓይነ ስውርነት ምክንያቶች መካከል የዓይን ሞራ ግርዶሽ 49.9 በመቶ፣ በትራኮማ ምክንያት የሚመጣ የኮርኒያ ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ ደግሞ 5.2 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። የግላኮማ ድርሻ ከሌሎቹ ያነሰ ቢመስልም አንድ ከባድ ልዩነት አለው። በሞራ ግርዶሽ የጠፋ እይታ በቀዶ ሕክምና ሊመለስ ይችላል፤ በግላኮማ የጠፋ እይታ ግን አይመለስም። ሕክምናው ማድረግ የሚችለው የቀረውን ማዳን ነው።

ግላኮማ ጋንግሊዮን ሕዋሳትና ክሮቻቸው ቀስ በቀስ የሚሞቱበት በሽታ ነው። ከሁሉ የጎላው አጋላጭ ምክንያት በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግፊት መጨመር ነው። የተለመደው የዓይን ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን በዚህ መጠን ውስጥ እያለም በሽታው ሊከሰት ይችላል።

በብዙ ሰዎች ላይ ግላኮማ ሕመም የለውም። በመጀመሪያ የሚጎዳው የእይታ ክልል ዳር ነው። አንዱ ዓይን የሳተውን ሌላው ይሸፍናል፤ አንጎልም የጎደለውን ቦታ በዙሪያው ባለው ምስል ይሞላዋል። ስለሆነም ታማሚው ከፊት ለፊቱ ያለውን ሰው እየለየና መጽሐፍ እያነበበ በርካታ ሕዋሳትን አጥቶ ሊሆን ይችላል። ብዙዎች ወደ ሕክምና የሚመጡት አንደኛው ዓይን ከጠፋ በኋላ መሆኑ በዚህ ይገለጻል።

የሚከተሉት ሰዎች ምንም ምልክት ባይኖራቸውም እንዲመረመሩ ይመከራል፦

• ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ የሆነ፤
• ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት በግላኮማ የታመመባቸው፤
• ስቴሮይድ ያለበትን መድኃኒት በጠብታ፣ በክኒን ወይም በሌላ መልክ ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙ፤
• ከዚህ ቀደም በዓይናቸው ላይ ከባድ ምት የደረሰባቸው፤
• ከፍተኛ የቅርብ እይታ ችግር ያለባቸው።

6. ከመድኃኒትና ከመጠጥ ጋር የተያያዙ ጥንቃቄዎች

የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፦ ፌኖባርቢታል የሚሠራው የጋባን የመግታት ኃይል በማጎልበት ነው። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ማንኛውም ታማሚ ለዓይኑ በመስጋት መድኃኒቱን በራሱ ውሳኔ ማቋረጥ የለበትም። በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ተከታታይ መጣል ሊያስከትል ይችላል። ቪጋባትሪን የተባለው ሌላ መድኃኒት ጋባ እንዳይፈርስ በማድረግ መጠኑን ይጨምራል። ከሚወስዱት አዋቂዎች 30 በመቶና ከዚያ በላይ በሚሆኑት ላይ የማይመለስ የእይታ ክልል መጥበብ ሊያስከትል ስለሚችል በሕክምናው ጊዜ በየ3 ወሩ የእይታ ምርመራ ይመከራል። በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር ይህ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው የምርመራ ቀጠሮውን ማሳለፍ አይገባውም።

የቲቢ ሕክምና፦ ኢታምቡቶል የእይታ ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። የመጀመሪያው ምልክት ቀይና አረንጓዴ ቀለምን መለየት መቸገር ወይም የእይታ መደብዘዝ ሊሆን ይችላል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። ምልክቱ የታየበት ታማሚ በዚያው ቀን ለሕክምና ባለሙያው ማሳወቅ አለበት፤ በጊዜ ከተደረሰበት እይታው ሊመለስ ይችላል። ሕክምናውን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን አይፈቀድም።

የስቴሮይድ የዓይን ጠብታ፦ በፀሐይና በአቧራ የሚባባስ የዓይን ማሳከክ በደጋማ አካባቢዎች በሚኖሩ ሕፃናት ላይ ይታያል። እንደ ዴክሳሜታዞን ያሉ ጠብታዎች ማሳከኩን ፈጥነው ያስታግሳሉ። ያለ ሐኪም ክትትል ለሳምንታትና ለወራት ሲደጋገሙ ግን የዓይን ግፊትን ጨምረው ጋንግሊዮን ሕዋሳትን ሊገድሉ ይችላሉ። ወላጆች የቆየ ማዘዣን ደግመው ከመድኃኒት ቤት መግዛት ወይም ከጎረቤት የተረፈ ጠብታ መጠቀም የለባቸውም።

ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ፦ ለኢንዱስትሪ አገልግሎት የሚውለው ሜታኖል የእይታ ነርቭን በሰዓታት ውስጥ ሊያጠፋና ሕይወትንም ሊያሳጣ ይችላል። ምንጩ ያልታወቀ አረቄ ወይም ሌላ የአልኮል መጠጥ ከጠጣ በኋላ የእይታ መደብዘዝ፣ የሆድ ሕመም፣ ማስታወክ ወይም የመተንፈስ ችግር ያጋጠመው ሰው ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት።

7. በአስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ምልክቶች

ቀጥሎ ከተዘረዘሩት አንዱ የታየበት ሰው ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል፦

• የአንድ ወይም የሁለት ዓይን እይታ በድንገት መጥፋት፤
• ብርቱ የዓይን ሕመም ከዓይን መቅላትና ከማስታወክ ጋር፤
• በመብራት ዙሪያ የቀለም ቀለበት መታየት ከሕመም ጋር፤
• እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ወይም ድንገተኛ የብርሃን ብልጭታ፤
• በሚሄዱበት ጊዜ ከጎን ካሉ ነገሮች ጋር በተደጋጋሚ መጋጨት።

8. አገልግሎቱን ለማግኘት የሚከተሉት ደረጃዎች

1ኛ. ጤና ኬላ፦ በገጠር ቀበሌ የሚኖር ተገልጋይ በመጀመሪያ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ችግሩን ማስረዳት ይችላል። ባለሙያዋ ወደ ጤና ጣቢያ ትመራዋለች።

2ኛ. ጤና ጣቢያ፦ የእይታ ጥራት በፊደል ሰሌዳ ይለካል፤ አስፈላጊ ሲሆንም የሪፈር ወረቀት ይሰጣል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት በመድኑ ለመጠቀም ይህን ቅደም ተከተል መጠበቅና የታደሰ መታወቂያቸውን መያዝ ይኖርባቸዋል።

3ኛ. የዓይን ክፍል ያለው ሆስፒታል፦ ከስናን፣ ከጎዛምን፣ ከቢቡኝ፣ ከደጀንና ከሌሎች የምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች የሚመጡ ታማሚዎች ቅርብ የሪፈር መዳረሻ የደብረ ማርቆስ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው።

4ኛ. ከፍተኛ የዓይን ሕክምና፦ ተጨማሪ ምርመራ ወይም ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ታማሚ እንደ ሁኔታው ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም በአዲስ አበባ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ከጉዞ በፊት የሪፈር ወረቀቱ መሟላቱንና የቀጠሮው ቀን መረጋገጡን ማየት ጠቃሚ ነው።

9. ምርመራውና ሕክምናው

በዓይን ክፍል የእይታ ጥራት፣ የዓይን ግፊት፣ የእይታ ነርቭ መነሻ ገጽታና የእይታ ክልል ይመረመራሉ። ግፊት በሚለካበት ጊዜ ማደንዘዣ ጠብታ ስለሚደረግ ሕመም አይኖርም። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ከተደረገ እይታ ለሰዓታት ስለሚደበዝዝ ታማሚው አጃቢ ይዞ መምጣትና በዚያ ቀን ተሽከርካሪ ከማሽከርከር መቆጠብ አለበት። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነማሸጊያቸው ይዞ መቅረብም ለሐኪሙ ውሳኔ ይረዳል።

የግላኮማ ሕክምና የዓይን ግፊትን በጠብታ፣ በሌዘር ወይም በቀዶ ሕክምና መቀነስ ነው። በብዛት ከሚታዘዙት ጠብታዎች አንዱ ቲሞሎል ሲሆን አስም ወይም የልብ ምት መዘግየት ያለበት ሰው ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት። ጠብታው እይታን አያሻሽልም፤ ታማሚውም ለውጥ አላየሁም ብሎ ሊያቋርጠው አይገባም። የጠብታው ፋይዳ የሚለካው እይታ ባለበት በመቆየቱ ነው። ጠበል የሚጠመቁና የሚጠጡ ምእመናንም ጠብታቸውን በሰዓቱ ጎን ለጎን መቀጠል ይኖርባቸዋል። መድኃኒቱ ከማለቁ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ማዘዣውን ማሳደስ በተለይ ከከተማ ርቀው ለሚኖሩ ይመከራል።

ማጠቃለያ

ጥርት ያለ እይታ የሚገኘው በሬቲና ውስጥ ቀስቃሹና ገቺው ተመጣጥነው ሲሠሩ፣ የተጣራውን መልእክት የሚያደርሱት ጋንግሊዮን ሕዋሳትም በሕይወት ሲኖሩ ነው። የእነዚህ ሕዋሳት መጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ስለሌለው ተገልጋዩ በራሱ ስሜት ሊደርስበት አይችልም። ዕድሜው ከ40 ዓመት በላይ የሆነና በቤተሰቡ ውስጥ በግላኮማ እይታውን ያጣ ሰው ያለው ሁሉ ምልክት ሳይጠብቅ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ሄዶ የዓይን ምርመራ እንዲጠይቅ ይመከራል። በግላኮማ ክትትል ላይ ያለ ታማሚም ወንድሞቹን፣ እህቶቹንና ልጆቹን ለምርመራ ቢያመጣ የቤተሰቡን እይታ ሊታደግ ይችላል።